ምን ይቀነስ? ምንስ አይነካ?

የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ አገር ስለሚሠራ አንድ ውድ የኤሌክትሪክ ፒካፕ መኪና ነው። «ይህ ደግሞ ለሴቶችና ለቤተሰብ አምድ ምኑ ነው?» የምትል እናት እንደማትጠፋ እናውቃለን። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ነዋሪ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ራሳችሁ ባትገዙ እንኳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይገዛል፤ ልጆቻችሁም ይሳፈሩበታል። ስለዚህ ሻጩ «ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ዋጋውም ቀንሷል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል የምናነሣው ቴስላ የተባለው ኩባንያ «ሳይበርትራክ» ብሎ የሰየመውን ፒካፕ ነው። ለገዢዎች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ አካሉ እንደ ማንኪያችንና እንደ ድስታችን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት ሁለት ሞተር ያለው ዓይነት 79,990 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ ኩባንያው 69,990 ዶላር የሚያወጣ፣ ቀለል የተደረገ ሌላ ዓይነት አቀረበ። የ10,000 ዶላር ቅናሽ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን አስተዋይ እናት ገበያ ወጥታ ዋጋው የወረደ ዕቃ ስታይ፣ አስቀድማ «ምን ጎደለው?» ብላ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ እኛም የተቀነሰውን አንድ በአንድ እንቁጠር።

በመጀመሪያ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ቀረ። መኪናውን በአየር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ በተራ ሞላ ተተካ። የወንበሩ ልብስ ጨርቅ ሆነ። ድምፅ ማጉያዎቹ ከ15 ወደ 7 ወረዱ። ከኋላ ለተቀመጡት የነበረው ትንሽ ስክሪን ተነሣ። በሞተር የሚዘጋውና የሚከፈተው የዕቃ መጫኛው ክዳን ቀረ። በመጨረሻም በዕቃ መጫኛው ላይ የነበሩት የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ተወገዱ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ቢቀሩ ቤተሰብ አይጎዳም። ልጆች ያለ ስክሪን መንገድ መሄድ ይችላሉ፤ እንዲያውም መስኮቱን እያዩ ቢጨዋወቱ ይሻላል። ሰባት ድምፅ ማጉያም ለአንድ መኪና ከበቂ በላይ ነው። ሶኬቱ ግን ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም። የዚህ መኪና ባትሪ 123 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይፈልጋል ብንል፣ ሙሉ ባትሪ ከ30 ሰዓት በላይ እንጀራ ሊያስጋግር ይችላል ማለት ነው። መብራት በጠፋበት ሰፈር ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ የማጀት ሰው ያውቀዋል። ቀለል በተደረገው መኪና ውስጥ ኃይሉ እንዳለ አለ፤ ከዕቃ መጫኛው ላይ የሚወጣበት በር ግን ተዘጋ። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደ ጠፋ ያህል ነው። በአንጻሩ ለዓይን የሚማርከው የብረት አካልና ከፊት ያለው ትልቁ ስክሪን አልተነኩም። መልኩ ቀርቶ ሙያው ተቀነሰ ማለት ይቻላል። ይህ ዓይነት መኪና ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከገበያ ተነሣ።

ማቅለል ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ሪቪያን የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያም የኤሌክትሪክ ፒካፕ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መኪናውን ሲያሻሽል የመረጠው መንገድ የተለየ ነበር። በመኪናው ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ የሚቆጣጠሩትን ኮምፒዩተሮች ከ17 ወደ 7 አወረደ። በዚህም ከእያንዳንዱ መኪና ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ሽቦ ቀረ፤ ክብደቱም በ20 ኪሎ ያህል ቀለለ። ነገሩ ለየአምፖሉ ከቆጣሪ ድረስ ለብቻው ገመድ የተሳበለትን ቤት፣ ገመዶቹን ሰብስቦ በሥርዓት እንደ ማስተካከል ነው። የቤቱ መብራት አልጎደለም፤ የተቀነሰው ውጥንቅጡ ነው። ቤታችንንም ስናቀልል አርአያ ሊሆነን የሚገባው ይህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ማቅለል ግን ጠንቀቅ ሊያሰኘን ይገባል። ዛሬ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች «ለስላሳና ያማረ መልክ እንዲኖራቸው» ተብሎ የተለመደው የበር እጀታ ተወግዶ፣ በሩ ቁልፍ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሆኗል። በእጅ ይከፈት የነበረውን በር የኤሌክትሪክ ጥገኛ ማድረግ፣ አባቶች እንደሚሉት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ግጭት ደርሶ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥስ? በሳይበርትራክ ከፊት የተቀመጠ ሰው ከመስኮቱ መቆጣጠሪያ አጠገብ ያለውን የእጅ መክፈቻ ስቦ ይወጣል። ከኋላ የተቀመጠ ግን በበሩ ኪስ ውስጥ ከታች የተነጠፈውን ጎማ አንሥቶ፣ ከሥሩ ያለውን ገመድ መሳብ አለበት። የስድስት ዓመት ልጅ በጨለማና በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ይህን ያገኘዋልን? የቻይና መንግሥት እንኳ ነገሩ አሳስቦት፣ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ አዳዲስ ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፈት በር እንዲኖራቸው ደንብ አውጥቷል። በከተማችን ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የቻይና ሥሪት ስለሆኑ ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ደንቡ ግን ቀድሞ የተሠሩትን መኪኖች አይለውጣቸውም።

እንግዲህ እናቶችና ሠራተኞች፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም ለመሳፈር ስታስቡ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ዋጋው የቀነሰው ምን ተነሥቶ እንደሆነ በዝርዝር ጠይቁ፤ የተነሣው ጌጥ ከሆነ አትሥጉ፣ መገልገያ ከሆነ ግን ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩ። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እያንዳንዱ በር፣ በተለይም የኋላው፣ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ሻጩ በቃል ሳይሆን በተግባር እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ሦስተኛ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ልጆቻችሁን ከኋላ አስቀምጣችሁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መክፈቻውን በዳበሳ እንዲያገኙት አለማምዷቸው። ገና አቅም የሌለው ሕፃን ከሆነ ከአጠገቡ ትልቅ ሰው ይቀመጥ።

ኑሮን ማቅለል መልካም ነው። ከቤትም ሆነ ከመኪና የሚበዛው ይቀነስ፤ ልጅ የሚወጣበት በር ግን አይነካ። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።