«ካፒቴኑ ያውቃል» ብቻውን አይበቃም

ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚሳፈር ሰው ከቦሌው ተሳፋሪ ጋር አንድ አይደለም። የቦሌው ሰው ልቡ ከፈራ ታክሲ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ነገ ይበራል። የላስታው ሰው ያለው ሌላ አማራጭ የጋሸና እና የወልድያ መንገድ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ተኩስ ሲበረታ የሚዘጋ፣ ጋብ ሲል የሚከፈት ሆኗል። ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ፣ ገናን ላሊበላ አክብሮ የሚመለስ ምዕመን፣ እንግዳ የሚቀበል አስጎብኚ፣ ሁሉም ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው።

ታዲያ ሞተሩ ተነስቶ መልሶ ሲጠፋ፣ ቴክኒሺያን መጥቶ ክዳኑን ሲከፍት ይህ ሰው ምን ይሁን? ወደዚያ የሚመላለሰው ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ተሳፋሪው ሞተሩንም ጎማውንም ቁጭ ብሎ ያያል። ያየውን ነገር «በቴክኒክ ምክንያት» በሚል ሁለት ቃል ማስረሳት አይቻልም። መልስ በሌለበት ቦታ ወሬ ይገባል።

«ተሳፋሪ ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል? ዝም ብሎ ቀበቶውን ይሰር» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ የሚፈራው የማያስፈራውን ነው። ከጣሪያው በኩል የሚወጣው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጭስ አይደለም፤ የቀዘቀዘ እርጥበት ነው። ማረፊያው ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። ስለዚህ ጭነት ሊቀነስ፣ ሻንጣ ለቀጣዩ በረራ ሊቀር ይችላል። ይህ ስሌት ነው እንጂ ቸልተኝነት አይደለም። የማይሠራ ዕቃ ይዞ መብረርም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የትኛው ዕቃ ባይሠራ መብረር እንደሚቻል፣ ለስንት ቀን እንደሚቻል፣ የትኛው ፈጽሞ እንደማይፈቀድ በዝርዝር የተጻፈ መመሪያ አለ። ቴክኒሺያኑ ይፈርማል፤ ካፒቴኑ ካልተዋጠለት «አልበርም» የማለት ሥልጣን አለው።

ጥሩ። ይህን በሁለት ደቂቃ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ መናገር ምን ይከብዳል?

ያ የክርክሩ ሌላኛው ግማሽ ግን ሰው ፈጅቷል። መጋቢት 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በካናዳ ድራይደን ከምትባል ትንሽ ማረፊያ አንድ ፎከር ኤፍ 28 አውሮፕላን 69 ሰዎችን ይዞ ተነሳ። በረዶ እየጣለ ነበር። የአውሮፕላኑ ረዳት ሞተር አስቀድሞ ተበላሽቷል፤ ድራይደን ላይ ደግሞ ዋናዎቹን ሞተሮች የሚያስነሳ መሣሪያ አልነበረም። ሁለቱም ከጠፉ እዚያው መቅረት ነው። ስለዚህ አንዱ ሞተር እየሠራ ነዳጅ ተቀዳ፤ የክንፉ በረዶም ሳይጸዳ ጉዞ ተጀመረ። ተሳፋሪዎች በረዶውን አይተዋል። የበረራ አስተናጋጅ አይታለች። እንደ መንገደኛ የተሳፈሩ ፓይለቶችም አይተዋል። ካፒቴኑ ዘንድ ሄዶ የተናገረ ግን አልነበረም። «ካፒቴኑ ያውቃል» ተብሎ ተተወ። አውሮፕላኑ ከፍታ መያዝ አቅቶት ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ 24 ሰዎች ሞቱ።

ይህ ታሪክ ለላስታ ሰው ሩቅ አይደለም። ሹምሽሃም ትንሽ ማረፊያ ነው፤ ዋናው የጥገና ማዕከል ያለው ቦሌ ነው። ትንሽ ማረፊያ ላይ ተበላሽቶ መቅረት ለአየር መንገዱም ለተሳፋሪውም ውድ ነው። «እንሂድ ብቻ» የሚለው ግፊት የሚበረታው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ያየ ሰው መናገር ያለበትም እዚሁ ነው።

ልክ በ30 ዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ኢቲ 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ያን ጊዜ ዝም ያለው አምራቹ ነበር። ቦይንግ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት በፓይለቶቹ መመሪያ ውስጥ አላብራራውም። ከዚያ ከአምስት ወር ላነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ላየን ኤር 189 ሰዎች ሞተዋል። ያኔ ኢትዮጵያ ከቦይንግ የጠየቀችው እውነቱን ነበር፤ ትክክልም ነበረች። ማክስ አውሮፕላን በጥር 2014 ዓ.ም. ወደ ሥራ ሲመለስም የአየር መንገዱ አመራሮች ራሳቸው ተሳፍረው አሳይተዋል። እምነት እንዲህ ነው የሚገነባው። ከቦይንግ ግልጽነት የጠየቀ አገር ለሹምሽሃው መንገደኛ ሲሆን «ምን አገባህ» ሊል አይገባም።

ተሳፋሪውም ከወቀሳ አይድንም። በረራ ሲዘገይ ጠረጴዛ የሚደበድበው፣ «ገናው ሊያልፍብን ነው፣ አስነሱት!» እያለ የሚጮኸው ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ ግፊት እየፈጠረ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ገና መሬት እንደለቀቀ በሁለቱም ሞተሮቹ እርግብ ገባበት። ለመመለስ ቢሞክርም አልሆነለትም፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ፓይለቶቹ ምርጫ አልነበራቸውም። መሬት ላይ እያሉ የታየ ችግር ግን ምርጫ ይሰጣል። መሬት ላይ የጠፋ ሦስት ሰዓት ይካሳል።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ችግር ሲኖር ካፒቴኑ ራሱ በአማርኛም ይናገር፦ ምን እንደተበላሸ፣ ማን እንዳየው፣ ለምን መብረር እንደሚቻል ወይም እንደማይቻል። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪ አየሁ ያለውን አስተናጋጅ ሳትንቅ ለካፒቴኑ ታድርስ፤ ነገሩ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው አንድ ደቂቃ ነው። ሦስተኛ፣ ብልሽት አይቶ «አልሄድም፣ አውርዱኝ» ያለ ሰው ከበሩ መዘጋት በፊት ቲኬቱ ሳይቃጠል ይውረድ።

ይህ ሲሆን ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው አምኖ ተቀመጠ ይባላል። እስከዚያው ግን መሄጃ ያጣን ሰው ዝምታ እምነት ብሎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።