ከብየዳው መኪና ጋር ጥንቃቄውም ወደ ገጠር ይግባ

በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት ቀበሌዎች የበያጅ ሙያ ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነው። የትምህርት ቤት ወንበር፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ የወፍጮ ቤት በር ወይም ጋሪ ሲሰበር የሚጠገነው በበያጅ እጅ ነው። ስለዚህ አንድ በያጅ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ቢያጣ የሚጎዳው እርሱና ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆኑ አገልግሎቱን የሚጠብቀው አካባቢ ጭምር ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ የሚሸጠው የብየዳ መኪና እንደ ቀድሞው ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የተሠራ አይደለም። አንዱ መኪና በኤሌክትሮድ፣ በጥቅል ሽቦ፣ እንዲሁም ቲግ በሚባለውና በአርጎን ጋዝ በሚታገዘው ዘዴ ይበይዳል። ሦስት መኪና ለመግዛት አቅም ለሌለው ወይም ዕቃውን ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሦስት ሙያ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ሦስት ዓይነት አደጋም አብሮ መግባቱ ሊዘነጋ አይገባም።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው በሚሸጋገሩበት ጊዜ ነው። በጥቅል ሽቦ ሲበየድ ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የመበየጃው ምላጭ ሲሳብ ነው። የኤሌክትሮዱ መያዣ ግን መኪናው በርቶ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል። በሽቦ መሥራት የለመደ ሰው መያዣውን በብረት ጠረጴዛ ላይ ጣል ቢያደርገው ወይም ጉም ባረጠበው ጓንት ቢነካው ለከፋ ጉዳት ይዳረጋል። የገመዶቹም ቦታ ይለዋወጣል፤ በጋዝ ለሚበየድ ሽቦ መበየጃው ከፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ፣ ብረት በቲግ ሲበየድ ደግሞ ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። በመሆኑም ዘዴው ከመለወጡ አስቀድሞ መኪናውን ማጥፋት፣ ከሶኬት መንቀል፣ የማያስፈልገውን ገመድ አውልቆ ማስቀመጥና የአምራቹን መመሪያ መመልከት የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል።

በደጋው አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከቧሂት ተራራ ሥር የሚገኘው ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የብየዳ መኪናዎች አቅም ግን በአብዛኛው የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ማራገቢያው መኪናውን በሚገባ አያቀዘቅዘውም። ተርቦ የሌለው ጄኔሬተርም በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 3 ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እያጣ ስለሚሄድ ጨነቅ ሲደርስ ጉልበቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። በመኪናው ላይ 60 ከመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ በተጠቀሰው ኃይል ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዶ 4ቱን ማሳረፍ ማለት ነው። በጨነቅ ዕረፍቱ ከዚህም መርዘም ይኖርበታል። የጋለውን መኪና ማስገደድ ገመድ ማቃጠልና እሳት መጋበዝ ነው።

ብርዱም የራሱ መዘዝ አለው። ቅዝቃዜን ሽሽት በርና መስኮት ዘግቶ መበየድ ጭሱን ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር የከበዱ በመሆናቸው በዝግ ክፍል ወለል ላይ ተከማችተው ያፍናሉ። በዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስከትላል፤ ሕመሙም ከወባ ወይም ከጉንፋን ጋር ሊምታታ ይችላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የብየዳ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል።

የብየዳው ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥለው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሌሊት ላይ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ መከላከያ አይሆንም። ለሥራው ኃይል የሚመጥን ጥቁር መስታወት ያለው የብየዳ ጭንብል ያስፈልጋል። ተላላኪው ልጅና ለማየት የሚቆመው መንገደኛም ከብርሃኑ ሊከለሉ ይገባል።

ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብሎ መበየድ ደግሞ ሞትን መድፈር ነው፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ተን ነውና። ፍንጣሪም እስከ 10 ሜትር ይርቃል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ቃጠሎ ከውጭ አገር ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመጡበት ነበር። ይህ የሚነሣው ብየዳ አስነሣው ለማለት ሳይሆን፣ በዚያ ከፍታ በበጋ የደረቀ ሣር አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማስታወስ ነው። ስለዚህ በያጁ ዙሪያውን ማጽዳት፣ ውኃና አሸዋ ማዘጋጀት፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠበቅ አለበት። ውኃው ግን ለሣሩ እንጂ ኤሌክትሪክ ላልተቋረጠበት መኪና አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ሆኖም በግሉ ወይም በማኅበር ተደራጅቶ የሚሠራው ወጣት አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ለእርሱ የሚደርስለት ዕውቀት ነው። ስለዚህ ነጋዴው መኪናውን ሲሸጥ አጠቃቀሙን በአማርኛ ቢያስረዳ፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አጫጭር ትምህርት ቢሰጡ፣ ብድር የሚሰጡ ተቋማትም የጭንብሉን፣ የጓንቱንና የቆዳ ሽርጡን ዋጋ ከመኪናው ጋር ቢያስቡ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

ጭንብልና ጓንት ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው አነስተኛ ነው። ለጠፋ ዓይን ግን መለዋወጫ በየትኛውም ገበያ አይገኝም። ገጠሩን የሚያለማው መኪናው ብቻ ሳይሆን መኪናውን አውቆ የሚይዘው ጤነኛ እጅ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።