አምስት ቮልት ለጊታር አያንስም

ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቻችን ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የጊታርን ድምፅ የሚያወፍረው፣ የሚያስተጋባውና የሚያሻክረው ኢፌክት የተባለው ሣጥን ኃይሉን ከኮምፒዩተር በዩኤስቢ ገመድ ሊያገኝ ይችላልን? የሚል ነው። ነገሩ ለብዙዎች ተራ የሽቦ ጉዳይ ይመስላቸው ይሆናል። በእኛ አስተሳሰብ ግን ገንዘብ የሌለው ወጣት ሙዚቃ ሊሠራ ይችላል ወይስ አይችልም ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ይቻላል፣ ይገባልም እንላለን። እንቅፋት የሆነው የፋብሪካዎች ልማድ ነው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። በሁለተኛው ትውልድ አንድ ዕቃ ከኮምፒዩተሩ እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ በሦስተኛው ደግሞ እስከ 900 እንዲስብ ይፈቀድለታል፤ ይህም በዋት 2.5 እና 4.5 መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ኢፌክቶች ግን 9 ቮልት ይጠይቃሉ። አምስቱን ወደ ዘጠኝ የሚያሳድግ ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ ቮልቱ ሲያድግ ግን አምፔሩ ይቀንሳል። ከ2.5 ዋት በ9 ቮልት የሚገኘው ቢበዛ 277 ሚሊ አምፔር ነው፤ ከዚያም ላይ መቀየሪያው የሚያባክነው ይነሣለታል። ድምፅ የሚያሻክር ተራ ፔዳል ብዙውን ጊዜ ከ20 ሚሊ አምፔር በላይ ስለማይፈልግ ለእርሱ ይተርፈዋል። ብዙ ድምፆችን ያጠቃለለ ዲጂታል ኢፌክት ግን 300 እና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል አይበቃውም።

ይሁን እንጂ 9 ቮልትን የግድ ያደረገው ማነው? ለገበያ በሰፊው ከቀረቡት የዚህ ዐይነት ሣጥኖች ቀዳሚ የሆነው የ1962ቱ ማይስትሮ ፈዝ ቶን ይሠራ የነበረው በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለት በ3 ቮልት ነበር። በ1965 ኪት ሪቻርድስ በሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን ውስጥ ዓለምን ያስደነቀበት ድምፅ የወጣው ከዚሁ ሣጥን ነው። በሦስት ቮልት ይህን ያህል ከተሠራ አምስቱ ምን ጎደለው? ዛሬም ቢሆን በዩኤስቢ 5 ቮልት እንዲሠሩ ሆነው የተሰናዱ ትንንሽ ኢፌክቶች በገበያ ላይ አሉ። ጥቂቶቹ ከቻሉ ሌሎቹ ለምን ያቅታቸዋል?

የኮምፒዩተር ኃይል ጩኸት ያመጣል የሚሉ ተቃዋሚዎች እውነት አላቸው። ኢፌክቱ ኃይሉን ከኮምፒዩተር እየወሰደ ድምፁን ለአምፕሊፋየር ሲያስተላልፍ፣ ሁለቱም ከግድግዳ ከተሰኩ የመሬቱ ሽቦ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት የሚዞረው ኤሌክትሪክም ጥዝዝታ ሆኖ ይሰማል። ማውሱ ሲነካ የሚሰማው ሲርታ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ሆድ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒት አለው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በራሱ ባትሪ ማሠራት ወይም ኃይሉን ከፓወር ባንክ መውሰድ ቀለበቱን ይቆርጠዋል። ፋብሪካውም መግቢያውን ከመውጫው የሚነጥል ትንሽ ትራንስፎርመር በሣጥኑ ውስጥ ቢጨምር ተጠቃሚው ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር።

እስከዚያው የሚጎዳው ማን ነው? ዛሬ በየማደሪያው ላፕቶፕ ወይም የስልክ ቻርጀር አይጠፋም። የኢፌክቱ አዳፕተር ግን ከተቃጠለ ምትኩን ፍለጋ ስንት ሱቅ ይዞራል። መብራት በጠፋ ምሽት ላፕቶፑ ባትሪ እያለው ኢፌክቱ ድዳ ሆኖ ይቀመጣል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያገኘውን አዳፕተር የሚሰካም አለ። አብዛኞቹ ፔዳሎች የመሰኪያው መካከል ኔጋቲቭ እንዲሆን የተሠሩ ስለሆኑ፣ ይህ ከተገለበጠ በብዙ ችግር የተገዛው ዕቃ በአንድ ቅጽበት ሊበላሽ ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባጸደቀው ሕግ ስልክ፣ ታብሌት፣ የጆሮ ማዳመጫና የመሳሰሉት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ዐይነት መሰኪያ፣ በዩኤስቢ ሲ እንዲሞሉ አስገድዷል። ሕጉ ባትሪያቸው የሚሞላ ዕቃዎችን የሚመለከት በመሆኑ የጊታር ኢፌክት አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ የዩኤስቢ ሲ የኃይል ሥርዐት ከያዛቸው ደረጃዎች አንዱ ራሱ 9 ቮልት ነው፤ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ አምስቱን ብቻ ቢሰጥም ይህን ዘጠኝ የሚሰጡ የግድግዳ ቻርጀሮች ሞልተዋል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጎ ሳለ የማይሄድበት ፋብሪካ ምን ምክንያት ያቀርባል?

በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። ፋብሪካዎች በየኢፌክቱ ላይ የዩኤስቢ መግቢያ ያድርጉ፤ ሣጥኑ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚፈልግም በጉልህ ይጻፉበት። የሙዚቃ ክበባችንም አዲስ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ከቀለሙና ከስሙ በፊት ይህን ይጠይቅ። ገዢ ካልጠየቀ ሻጭ አይለወጥምና። አባሎቻችንም እስከዚያው ከመሰካታቸው በፊት በሣጥኑ ጀርባ የተጻፈውን ያንብቡ። ጊታሩ በእጃችን፣ ኃይሉም በጠረጴዛችን ላይ እያለ አንድ አዳፕተር ዝም ሊያሰኘን አይገባም።