ለእንስሳው ሲያዝን የዋለውን ማን ያጽናናው?

ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ አዘውትረን እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማናስበውን አንድ ባለሙያ እናነሣለን፤ የእንስሳት ሐኪሙን።

ምናልባት፣ “እኔ ላም የለኝም፣ ውሻም አላሳድግም፤ ይህ እኔን ምን ይመለከተኛል?” ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ለልጃችሁ ወተት አፍልታችሁ ከሆነ፣ ለበዓል በቄራ የተመረመረ ሥጋ ቤታችሁ ገብቶ ከሆነ፣ ወይም እሑድ እሑድ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ወንድም ወይም እህት የእንስሳት ሐኪም ከሆኑ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

በአገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አለ። በአፍሪካ የሚወዳደረን የለም። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ከተከፈተ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ብዙ ወጣቶች ይህን ሙያ ተምረው ወጥተዋል። ታዲያ ልጁ “ሐኪም ሆንኩ” ሲል ዘመድ እልል ይላል፤ “የእንስሳት” ሲል ግን የአንዳንዱ ድምፅ ይቀዘቅዛል። “የላም ዶክተር” እያሉ የሚቀልዱም አሉ። አምስት ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ሥራውን በቀልድ መካከል ይጀምራል ማለት ነው።

አንድ የሥራ ቀን

እስቲ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚሠራን የእንስሳት ሐኪም አንድ ቀን እናስብ። የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በሙያው ያሉት ግን ያውቁታል።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ስልክ ይጮኻል። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ አንዲት ላም ከትናንት ማታ ጀምራ እያማጠች ነው። ጎረቤት በገመድ ሲጎትት አድሯል። ሐኪሙ የተጠራው ሁሉም ከተሞከረ በኋላ ነው። ሲደርስ ጥጃው ሞቷል፤ ላሟም ደክማለች። ሐኪሙ እጅጌውን ጠቅልሎ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ይሠራል። አጠገቡ የቆመችው እናት ደግሞ ዓይኗን ከእጁ ላይ አትነቅልም፤ የልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚህች ላም ወተት ነውና። ከሁለት ሰዓት ድካም በኋላ ላሟ ትሞታለች።

እኩለ ቀን ላይ እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ ያመጡለታል። አጥንቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ አይድንም። ስቃዩን ለማሳጠር ሕይወቱን በመርፌ ማሳለፍ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ባለጋሪው ፊቱን አዙሮ ይቆማል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቤተሰብ ባሕርይው የተለወጠበትን ውሻ አስሮ ያመጣል። ውሻው ትናንት ልጃቸውን ነክሷል። ሐኪሙ የእብድ ውሻ በሽታን ጠርጥሯል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውንም እንስሳንም ከሞት የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይለዋውጥ መናገር አለበት፤ “ውሻውን ተዉት፤ ልጁን አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ክትባት ይጀምር” ይላቸዋል። (ውድ ወላጆች፣ ይህን እናንተም ያዙ። ልጅ በውሻ ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ሕይወት ያድናል።)

ወደ ማታ ሐኪሙ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ፣ “ዛሬ እንዴት ዋልክ?” ትለዋለች። “ደህና” ይላል።

ሸክሙን ያከበደው ምንድን ነው?

ሞትን ማየት የሰው ሐኪምም ዕጣ ነው። የእንስሳት ሐኪሙን ሸክም ለየት የሚያደርጉት ግን አንዳንድ ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ጠዋት ሕይወት ለማዳን በታገለበት እጅ ከሰዓት በኋላ ሕይወት ማሳለፉ ነው። ትክክል መሆኑን ያውቃል፤ ርኅራኄ መሆኑንም ያውቃል። ቢሆንም እጁ የሠራውን ልቡ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ብዙ ጊዜ በሽታውንም መድኃኒቱንም ያውቃል። ባለቤቱ ግን ዋጋውን ሰምቶ “ከዚህስ ብትታረድ ይሻለኛል” ይላል። ሐኪሙ ሊፈርድበት አይችልም፤ ድህነቱን ያያልና። ማዳን የሚችለውን ሳያድን ይመለሳል።

ሦስተኛው ወቀሳ ነው። ዘግይቶ የተጠራ ሐኪም ከሞት ጋር አብሮ ይደርሳል። ታዲያ መንደሩ የሚያወራው፣ “መርፌ ወጋት፣ ሞተች” እያለ ነው። በቄራም የታመመ ጉበት ሲጥል፣ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ለተወሰኑ ቀናት እንዳይሸጥ ሲያዝ፣ የባለቤቱን ኪስ ነክቷልና በክፉ ዓይን ይታያል። እኛ ግን በእርሱ እምቢታ ጤነኛ ምግብ በልተናል።

አራተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው፣ ኀዘኑ ለቅሶ ደራሽ የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ወዳጅ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ይላል። ላም ስትሞት ግን ለባለቤቷ እንኳ “አንቺን አያሳጣን” ተብሎ ይታለፋል፤ ሐኪሙንማ ማን ያስታውሰዋል? በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ እንስሳት በገፍ ሲያልቁ፣ አርብቶ አደሩ ሀብቱን ሲያጣ የእንስሳት ባለሙያዎችም በሬሳ መካከል ይመላለሱ ነበር። መኖና ውኃ ለጠፋበት እንስሳ መርፌ ምን ያደርግለታል?

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነርሶችንና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ያጠኑ ባለሙያዎች የሌላውን ሥቃይ ዘወትር የሚሸከም ሰው የሚደርስበትን ድካም “የርኅራኄ ድካም” ብለው ሰይመውታል። በእንቅልፍ ብቻ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ ለሌላው የማዘን አቅም ራሱ ሲሟጠጥ ነው። የጉዳቱን ጥልቀት የሚያሳይ አንድ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሟል። ከ1979 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የነበረውን የተመለከተው ይህ ጥናት፣ በዚያ አገር ራስን በማጥፋት የመሞት መጠን ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በወንድ የእንስሳት ሐኪሞች 2.1 እጥፍ፣ በሴቶቹ ደግሞ 3.5 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። የዚያ አገር ሐኪም ሥራ በብዛት ከቤት ውሾችና ድመቶች ጋር ነው፤ የእኛው ከበሬና ከላም ጋር። ሆኖም ሕይወት ማሳለፍ፣ የገንዘብ እጦትና ወቀሳ በሁለቱም ዘንድ አሉ። ስለዚህ ነገሩን “የከብት ጉዳይ” ብለን አናቅልለው።

ያልደረሰብንን ማን ያመሰግናል?

አያቶቻችን “ክፉ ቀን” የሚሉትን ዘመን ሰምታችሁ ይሆናል። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የቆየው ያ ታላቅ ረኀብ ከመጣባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የከብት በሽታ ነበር፤ ስሙም “ደስታ” ይባላል። በሽታው ከአገሪቱ የቀንድ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ እርሻው ጦም አደረ፤ ሰውም አለቀ።

ዛሬ ይህ በሽታ በምድር ላይ የለም። አገራችን በ2008 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ሲጠፋ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው በሽታ ነው። ይህ የሆነው በየበረሃውና በየተራራው ክትባት ተሸክመው በዞሩ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ረዳቶቻቸውና ከአርብቶ አደሩ መካከል በሠለጠኑ ሰዎች ነው። ስማቸውን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? መልካም የሠራ የእንስሳት ሐኪም ውጤቱ ያልመጣ በሽታ፣ ያልሞተ በሬ፣ ያልተራበ ቤት ነው። ያልደረሰ ነገር ደግሞ አይታይም፤ ምስጋናም አያስገኝለትም።

ከለምጻቸው ከነጹት ከዐሥሩ ሰዎች ለምስጋና የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደነበረ ሁላችን እናውቃለን። ዘጠኙ ክፉዎች ስለነበሩ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ምናልባት ወደ ቤታቸው ቸኩለው ይሆናል። እኛም እንዲሁ ነን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ባለቤትህ ወይም ባለቤትሽ በዚህ ሙያ ካሉ። “ደህና” የሚለውን መልስ ቶሎ አትመኑት። ልብሱ የበረት ሽታ ይዞ ሲገባ “ኡፍ፣ ከዚህ ራቅ በል” ከማለት ይልቅ ውኃ አሙቂለትና ቆየት ብለሽ “ዛሬ የከበደህ የትኛው ነው?” በዪው። አንተም ባል፣ ሚስትህ ሐኪም ከሆነች ሌሊት በተጠራች ቁጥር አታኩርፍ፤ ስልኩን ጠይቀህ እስክትመለስ ጠብቃት። የምትነግርህን ሁሉ መፍትሔ ልፈልግለት አትበል፤ ጆሮህ ይበቃል። “ለላም ብለሽ ታለቅሻለሽ?” የሚለው ቃል ግን አንዴ ከወጣ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አትነግርህም።

2. አንተም ሐኪሙ፣ አንቺም ሐኪሟ። ዝም ማለት ጥንካሬ አይደለም። ሁሉንም ዝርዝር መንገር ባያስፈልግም፣ “ዛሬ አንድ ከባድ ነገር አይቻለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ” ማለት ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። አለበለዚያ ልጆች የአባታቸው ዝምታ በእነርሱ ጥፋት የመጣ ይመስላቸዋል። ሥራውን ከሚያውቅ ባልደረባ ጋርም ተነጋገሩ፤ እርሱ ሳታብራሩ ይረዳችኋል።

3. እንስሳ ያላችሁ። በጊዜ ጥሩ፤ ገመዱ ከመጎተቱ በፊት። የተስማማችሁበትን ዋጋ በሰዓቱ ክፈሉ፤ “ወተት ስሸጥ እሰጥሃለሁ” የተባለው ዕዳ ሲጠራቀም የሐኪሙ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እንስሳው ቢሞትም “ስለ ደከምክልን እናመሰግናለን” በሉት። ከሞት በኋላ የተነገረ ምስጋና ከሁሉ ይልቅ ይታወሳል። ላሟ ድና ጥጃዋ ሲያድግም ደውላችሁ ንገሩት፤ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለክፉው ነውና የደጉን መጨረሻ አይሰማም።

4. በጉባኤ። መምህራንንና ነርሶችን ስታስቡ የእንስሳት ሐኪሞችንም አስቡ። የዓለም የእንስሳት ሐኪሞች ቀን በየዓመቱ በአፕሪል የመጨረሻው ቅዳሜ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ማለት ነው። በማግስቱ እሑድ ስማቸውን ጠርቶ ማመስገንና መጸለይ ምንም ወጪ የለውም። በእሑድ ጠዋት የቀረ ሐኪም ሲኖርም “ቀዝቅዟል” ብላችሁ አትፍረዱበት። ጌታ ኢየሱስ ራሱ በሰንበት ጉድጓድ የገባን በሬ ማውጣት ማንም የማያመነታበት ነገር እንደሆነ አስተምሯል፤ ምናልባት ወንድማችሁ በዚያው ሰዓት ያንን በሬ እያወጣ ይሆናል።

ድካሙ ከዚህ ሲያልፍ

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ከሰው መሸሽ ከበዛ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ወይም መጠጥ ከተጀመረ፣ ከዚህም አልፎ “ብሞት ይሻለኝ ነበር” የሚል ቃል ከተሰማ ነገሩን እንደ ተራ ምሬት አትለፉት። “ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?” ብላችሁ በፍቅርና በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ሰውየውን ብቻውን አትተዉት። ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ከተሞችም ይህን ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። “እምነትህ ስለላላ ነው” ማለት ግን በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። እንጸልይለት፤ ወደ ሐኪምም እንውሰደው። ሁለቱ አይጣሉም።

ለባልና ሚስት መወያያ

• ባለቤቴ በሥራው ወይም በሥራዋ የሚደርስባቸውን ኀዘን መጨረሻ የጠየቅሁት መቼ ነው?
• በቤታችን “ይህ እንኳ ያስለቅሳል?” ተብሎ የታለፈ ኀዘን አለ?
• በዚህ ሳምንት “እናመሰግናለን” ልንለው የሚገባ፣ ግን ያላልነው ባለሙያ ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጨረሻውን ዛሬ ማታ ሳትተኙ መልሱት። ስልክ ቁጥሩ ካላችሁ ደውሉ፤ ከሌላችሁ ክሊኒኩ በር ላይ ቆም ብላችሁ ንገሩት። እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።