ምንጩን ያላየ ዓባይን ያመሰግናል

አባቶቻችን «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብለው ተርተዋል፡፡ ትልቁን ያላየ ሰው በትንሹ ይደነቃል ማለታቸው ነው፡፡ እኛ የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ግን ተረቱን ገልብጠነዋል፡፡ ወደ አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ዓባይን በድልድይ እንሻገረዋለን፤ በዘፈን እንሰማዋለን፤ በፈተና ወረቀት ላይም ስሙን እንጽፋለን፡፡ ከከተማችን በስተሰሜን ቆሞ ለዓባይ ውሃ የሚያዋጣለትን የጮቄን ተራራ ግን ከመካከላችን በእግሩ የወጣው ስንቱ ነው? በክፍላችን ውስጥ ጠይቄ ነበር፡፡ እጃቸውን ያነሡት አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱም እዚያው ከተራራው ሥር የተወለዱ ናቸው፡፡

እኔ በበኩሌ ይህ ነገር ሊያሳፍረን ይገባል እላለሁ፡፡ ማንኛውም ተማሪ ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቆ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን ጮቄን በእግሩ ሊወጣ ይገባዋል፡፡ ምክንያቴን እንደሚከተለው አስረዳለሁ፡፡

ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ እሳተ ገሞራ የከመረው ተራራ ነው፡፡ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፡፡ ከተማችን በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች ከደጃፋችን እስከ ተራራው ራስ ያለው ሽቅብ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው ማለት ነው፡፡ ከከተማችን አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ፣ እንዲሁም ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሐ፣ ተምጫና ሌሎችም አያሌ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ጎጃምን ከቦ ወደሚሄደው ዓባይ ይገባሉ፡፡ የዓባይ ራስ ተብሎ የሚከበረው በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ታላቅ ወንዝ በአንድ ምንጭ ብቻ አይሞላም፡፡

እኔም ብሆን ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በጥር ወር ዕረፍት በሮብ ገበያ በኩል ወደሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር፡፡ ለእኩያዬ ለአጎቴ ልጅ የኤቨረስት ተራራ ከፍታ 8,849 ሜትር መሆኑን በኩራት ነገርሁት፡፡ እርሱም ዝም ብሎ ሰማኝና «ነገ በጎቹን ታናሼ ይጠብቅልኝና እኔ ደግሞ ጮቄን አሳይሃለሁ» አለኝ፡፡

ጎሕ ሲቀድ በሶ ቋጥረን ተነሣን፡፡ መጀመሪያ የገብስና የድንች እርሻ፣ ቀጥሎ የእንግዶ ማሳ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጓሳ አገኘን፡፡ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ጅብራው ነው፤ በጉም ውስጥ ሲያዩት ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ዘበኛ ይመስላል፡፡ «ይህ ብዙ ዓመት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል» ሲል የአጎቴ ልጅ ነገረኝ፡፡ ኋላ በመጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ቃሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት፡፡ እኔ ትንፋሽ እያጠረኝ በየሃያ እርምጃው ስቆም እርሱ እያፏጨ ይጠብቀኝ ነበር፡፡

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፡፡ ከላይ ደርሰን ወደ ደቡብ ብንመለከት ግን የዓባይን ሸለቆ ደመና ሞልቶት እንደ ነጭ ባሕር ተኝቶ አየሁ፤ የሸዋም ደጋ ከማዶ እንደ ባሕር ዳርቻ ሆኖ ይታይ ነበር፡፡ ፀሐይዋ በበረታች ጊዜ ደመናው ሳሳ፤ የደብረ ማርቆስም የቆርቆሮ ቤቶች ከታች ብልጭ አሉ፡፡ ሰፊ የምትመስለኝ ከተማዬ በመዳፌ ልሸፍናት የምችል ትንሽ ነገር ሆነች፡፡ የአጎቴ ልጅ ከጓሳው ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጁ ጨልፎ አጠጣኝና «ይህ ነው በእናንተ ከተማ አጠገብ የሚያልፈው» አለኝ፡፡ እውነትም የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨሞጋን በተሻገርሁ ቁጥር ያ ቦታ ይናፍቀኛል፡፡

ዛሬ የአጎቴ ልጅ በከተማችን ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከአገሩ እያስመጣ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ይማራል፡፡ በአነጋገሩ የሚስቁበት አሉ፡፡ ሲስቁበት ሰምቼ እኔም ዝም ያልሁበት ቀን ነበረ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፡፡ ስለ ተራራና ስለ ወንዝ በተማርንበት ጊዜ እርሱን «አንተ ምን ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም፡፡ ተራራውን የወጣን ቢሆን ኖሮ ግን መሪያችን እርሱ ነበር፤ በዚያ ሽቅብ ላይም ማን በማን ሊስቅ እንደሚገባው ባወቅን ነበር፡፡

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ የከበደ ነው፡፡ ስንወርድ ገደል በሚያህል ቁልቁለት ላይ አዲስ የታረሰ መሬት አየሁ፡፡ አጎቴ በልጅነቱ ያ ቦታ የአስታ ጫካ እንደ ነበረ ነገረኝ፡፡ ጫካው ሲመነጠር ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ውሃውም መሬት ውስጥ ሰርጎ ለበጋ አይቆይም፡፡ በጨሞጋ ወንዝ ላይ የተደረገ ጥናት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1999 ድረስ የበጋው ውሃ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል፡፡ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል ነበር፡፡ አሁን ግን ማደሪያ አግኝቷል፡፡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለትና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፡፡ ወላጆቻችን ከደመወዛቸው እየቀነሱ ቦንድ የገዙለት ነው፡፡ እንግዲህ ዓባይ ወደ አዲሱ ማደሪያው ግንድ ብቻ ሳይሆን የጮቄንም አፈር ተሸክሞ ይገባል፡፡

አጎቴን «ለምን ታርሱታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት፡፡ «ልጄ፣ ሜዳው ካለቀ ወዴት ልሂድ?» አለኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም፡፡ ነገር ግን ነገ መሐንዲስ ወይም የእርሻ ባለሙያ ወይም ሹም የሚሆነው ከእኛ መካከል ነው፡፡ ያን ቁልቁለት በእግሩ የረገጠ ሰው ገበሬውን ባላዋቂነት አይሰድበውም፤ ተራራውንም ቸል ብሎ አያልፈውም፡፡

«ተራራ መውጣት የሥራ ፈት ነገር ነው» የሚሉ ይኖራሉ፡፡ በአየርላንድ አገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ክሮክ ፓትሪክ የሚባል ተራራ አለ፤ ከፍታው 764 ሜትር ብቻ ነው፡፡ በየዓመቱ በጁላይ ወር የመጨረሻ እሑድ ብዙ ሕዝብ ለጸሎት ይወጣዋል፤ በሌላው ቀን ደግሞ ባሕሩን ለማየት ብቻ የሚወጡት አሉ፡፡ ይህን ሥራ ፈትነት የሚለው የለም፡፡ እኛስ ብንሆን መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን የሚወጣው ሕዝባችን ድካሙን መች ቈጥሮት ያውቃል? እግራችን ሽቅብ መውጣት ያውቃል፤ የጎደለን አገርን ለማወቅ ብሎ መውጣት ነው፡፡

ወላጆች ደግሞ ብርዱንና የመንገዱን ነገር ያነሡ ይሆናል፡፡ ብርዱ እውነት ነው፤ በላይኛው ጫፍ ከከተማችን በአሥር ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ መድኃኒቱ ግን ጋቢ ነው፡፡ ስለ መንገዱ የሚያነሡት ከዚህ የበለጠ እውነት ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የደረሰውን ግጭት የማያውቅ ስለሌለ፣ መንገዱ ሰላም ሳይሆን ልጆቻችሁን ላኩ ብዬ አልደፍርም፡፡ ሰላም በሆነ ቀን ግን የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ጮቄ ይሁን እላለሁ፡፡

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው ይህን ነው፡፡ ጊዜው ሲፈቅድ በየዓመቱ በጥር ወር የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጂኦግራፊና ከባዮሎጂ መምህራን ጋር ጮቄን ይውጡ፡፡ መሪዎቹ ከዚያው አገር የመጡት ጓደኞቻችን ይሁኑ፡፡ ወጪው በሶና ቆሎ ነው፡፡ ጅብራ አይቆረጥ፤ እሳት አይነድ፡፡ ሁሉም ያየውን ጽፎ ይመለስ፤ ከሁሉ የተሻለው ጽሑፍም በዚህ መጽሔት ይውጣ፡፡

እስከዚያው ድረስ መንገድ የማያስፈልገው አንድ ነገር አለ፡፡ ነገ ጠዋት በኋላኛው ወንበር የተቀመጠውን ጓደኛችሁን «ስለ ጮቄ ንገረኝ» በሉት፡፡ እኔ ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት፤ እናንተ አትዘግዩ፡፡