የድልድዩ ታሪክ በገበሬው እጅ ይጻፍ

ዛሬ የማነሣው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ስለ ድንጋይ ነው። በዓባይ ዳር ስላለው፣ አህያችሁን እየነዳችሁ ስለምትሻገሩበት ድንጋይ።

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወረድ ብሎ፣ አላታ በሚባለው ቦታ አንድ አሮጌ ድልድይ አለ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «ፋሲል» ይላል፤ ሌላው «ፖርቱጋል» ይላል። እስቲ ቁጥር ያወቃችሁ ሒሳቡን ሥሩት። ድልድዩ የተሠራው በ1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። አፄ ፋሲል የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው። ከ1624 ላይ 1618 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ስድስት። እንግዲያው ድልድዩ ሲሠራ በዙፋን ላይ የነበሩት አባትየው አፄ ሱስንዮስ ናቸው። ይቺን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ መቀነስ ማወቅ ይበቃል።

ፖርቱጋል የሚባለውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ነበሩ። ታዲያ ንጉሡ ይጠራሉ፣ የውጭ አገር ሰው ይጠራል፤ ድንጋዩን ፈልጦ የተሸከመውስ? ንጉሥ ድንጋይ አይሸከምም እኮ!

አሁን ዓባይን ይዘን ወደ ታች እንውረድ። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ ሌላ የድንጋይ ድልድይ አለ። ይሄኛው በእርግጥ የፋሲል ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ስሙ ግን ሰባራ ድልድይ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ መንገደኛ ምን ይላል? «አርጅቶ ፈረሰ» ወይም «አሠራሩ ደካማ ነበር» ይላል። ሐሰት ነው። ድልድዩን የሰበሩት አርበኞች ናቸው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የጠላት ጦር እንዳይሻገር ብለው መካከሉን ቆርጠው ጣሉት። የገዛ መንገድን መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ገበያው፣ ዘመዱ፣ ጋብቻው ሁሉ ማዶ ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላም ክፍተቱ ሳይደፈን ስድሳ ዓመት ያህል ቆየ። ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ከወዲህ ጎበዛዝት፣ ከወዲያም ጎበዛዝት ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ዓባይ ይጮኻል። በ1994 ዓ.ም. ባሕር ማዶ ያሉ በጎ አድራጊዎችና የአካባቢው ሰዎች ተጋግዘው ክፍተቱን በብረት ደፈኑት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የክረምት ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ ገመዱን የሳቡት ሰዎች ስም የት ተጽፏል? ከነሱ መካከል ዛሬ ሽማግሌ ሆነው ቤታቸው የተቀመጡ አሉ። ጠይቋቸው፤ ዛሬ ጠይቋቸው።

አንዳንድ ሰው «እኛ እናውቀዋለን፣ መጻፉ ምን ያደርጋል?» ይላል። አዎ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። የጢስ ዓባይን ነገር ግን ልብ በሉ። ቦታው ጢስ የተባለው የውኃው ብናኝ እንደ ጢስ ስለሚነሣ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የመብራት ኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ብዙው ውኃ በቦይ ስለተመለሰ ጢሱ መንምኗል። መብራቱን አልጠላም፤ ማንም አይጠላም። ግን ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ በበጋ መጥቶ ቢያይ «ጢሱ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስም ብቻውን ታሪክ አይጠብቅም።

የኔ አሳብ ይህ ነው። በየድልድዩና በየመሻገሪያው አጠገብ ሰሌዳ ይተከል፤ ጽሑፉንም የቀበሌው ሰው ራሱ ይጻፈው። ከከተማ የሚመጣው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ንጉሥና ዓመተ ምሕረት ጽፎ ያቆማል። እናንተ «ማን ሠራው፣ ማን ሰበረው፣ ለምን ሰበረው፣ ማን ገመድ ሳበ» ብላችሁ ጻፉ። ሽማግሌዎች ካልተስማሙ ሁለቱም ቃል ይጻፍ፤ «እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት እንዲህ ትላለች» ማለት ነውር የለውም። የሴቶችም ቃል አይቅር። ለገበያ እህል ተሸክመው ሲሻገሩ የኖሩት እነሱ ናቸው።

ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ቀለምም በፀሐይ ይለቃል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በመሮ መቅረጽ ይሻላል። ድልድዩ ላይ ግን አንዲት ፊደል አትቅረጹ፤ ኖራው ከተነካ ውኃ ይገባል፣ ውኃ ከገባ ድንጋዩ ይወልቃል። ከድልድዩ ወድቆ ያገኛችሁትንም ድንጋይ ለአጥር አትውሰዱ። ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁና ሰሌዳውን ከመንገዱ ዳር፣ የተጫነ አህያ ከማይገፋው ቦታ፣ ልጅም ቆሞ ሊያነበው በሚችል ቁመት ትከሉት።