ሊኑክስ ከባድ ነው ያለው ማን ነው?

ማሰልጠኛ ተቋማት «ቤዚክ ኮምፒውተር» ብለው የሚሸጡት የአንድ ኩባንያ ዕቃ አጠቃቀም ነው። ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴል፤ ከዚያ ሰርተፍኬት። ሰልጣኙ ቤቱ የሚጠቀምበት ዊንዶውስም አብዛኛውን ጊዜ ሰፈር ሱቅ የተጫነለት ክራክ ነው። ቫይረሱ ምርቃት!

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ታዲያ ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ይጣል?

ሊኑክስ ሚንት በነጻ ይወርዳል። ዊንዶውሱ ሳይነካ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ጥቁር መስኮት ለመጻፍም፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምም፣ ፊልም ለማየትም አያስፈልግም። አብሮት የሚመጣው ሊብሬኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ አንዳንዴ ሠንጠረዥ ያዛባል፣ ይህ አይካድም። እንጀራው በፎቶሾፕ የሆነ ሰውም ባይቀይር ይሻለዋል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ለሚያነብ ተማሪ ግን ምን ጎደለው?

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኮዱ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው። «ይከብዳል» የሚለው ወሬ የሚነሳው አንድ ቀን እንኳ ካላስተማሩት ሰዎች ነው። ማሰልጠኛዎቹ ከኮርሳቸው አንድ ሳምንት ይስጡት። የፈቃድ ክፍያ እንደሆነ የለበት!